የመንጋጋ አጥንት ግራፍት፦ የከብቱ ይሻላል የአሳማው?

በዚህ ወር ብቻ ሦስት ሰው ደወለልኝ፣ "አጥንትሽ ሳስቷል፣ ኢምፕላንቱ (ሰው ሠራሽ ጥርስ የሚቆምበት ብሎን) ከመግባቱ በፊት ግራፍት (የሳሳውን አጥንት የሚሞላ ነገር) ያስፈልግሻል አሉኝ፣ የቱን ላስደርግ?" እያሉ። እኔ ወገኔ ከከብቱ ነው፣ ሁለቴ ከፍዬ ስለተማርኩ አልደብቅም።

የከብቱ፣ እነ ባዮ-ኦስና ሴራቦን የሚባሉት ማርካዎች፣ ፕሮቲኑ ወጥቶ ማዕድኑ ብቻ የቀረ ነጭ አሸዋ የመሰለ ነገር ነው። ቶሎ ስለማይሟሟ ለዓመታት እዛው ይቆያል፣ ድዱ ተመልሶ ስርጉድ እንዳይል የሚይዘው እሱ ነው። የአሳማው ደግሞ፣ እነ ጀን-ኦስ (የፈረስም አላቸው)፣ ኮላጅናቸው (የአጥንቱ ፕሮቲን) ስላልወጣ ቶሎ በራስ አጥንት ይተካሉ፣ ለትንሽ ጉድጓድ ምንም አይሉም። የራስሽን አጥንት ከአገጭ ቆርጠን እንውሰድ፣ እቃው በነፃ ነው ካሉሽ ግን ሁለተኛ ቁስል በነፃ ማለት ነው ሃሃ።

ወደ ብሩ እንምጣ። አሜሪካ ግማሽ ግራም ባዮ-ኦስ ለሐኪሙ ራሱ ከ100 ዶላር በላይ ነው፣ እናንተ ጋ ሲደርስ አስቡት። ለአንድ ጥርስ ጉድጓድ ብዙ ጊዜ ከ0.25 እስከ 0.5 ግራም ይበቃል፣ ሁለት ባለ 0.25 ከሚከፈት አንድ ባለ 0.5 ይረክሳል፣ ስለዚህ ስንት ግራም እንደሚከፈት ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ሜምብሬኑም (ግራፍቱ ላይ የሚለብሰው ስስ ሽፋን) ሒሳቡ ውስጥ አለ ወይ በሉ።

ሜምብሬን ካነሳን፣ ሙስሊም ጓደኛዬ "አጥንቱ የከብት ነው" ተብላ ደስ ብሏት ገባች፣ ከላይ የተሸፈነላት ባዮ-ጋይድ የሚባል ሜምብሬን ግን የአሳማ ኮላጅን ነው። ባዮ-ኦስ ኮላጅን የሚባለውም 10 በመቶው የአሳማ ነው። ኦርቶዶክሶችም ብትሆኑ ያው ነው፣ ከከብት ጅማት የተሠራ ሜምብሬን ስላለ እሱን ጠይቁ።

የኔ ጉድ ደግሞ እንዲህ ነው። ለእረፍት አዲስ አበባ ሄጄ እግረ መንገዴን ላሠራው ብዬ፣ ዋጋው አሜሪካ ከተባልኩት ግማሽ አይሞላም፣ የክሊኒኩ ልጅ ከመሳቢያ አፉ በፕላስተር የታሸገ ብልቃጥ ስታወጣ እያየሁ ዝም አልኩ። ለሌላ ሰው ተከፍቶ የተረፈ ግራፍት ነበር። ይሄ እቃ አንዴ ከተከፈተ ለዛ ሰው ብቻ ነው፣ የተረፈው ይጣላል። በሁለተኛው ሳምንት ስፌቱ ተከፍቶ ምላሴ ላይ አሸዋ አሸዋ ይለኝ ጀመር፣ ቀጥሎ መግል፣ በመጨረሻ ሁሉም ተጠርጎ ወጣ። ሜሪላንድ ተመልሼ እንደገና ከፈልኩ፣ ኢምፕላንቱ እስኪገባ ሌላ ስድስት ወር ጠበቅኩ።

በሁለተኛው ጊዜ እሽጉ ፊቴ ተከፈተ፣ ሎት ቁጥርና (እቃው የተመረተበት ዙር መለያ) ኤክስፓየር ዴቱ ያለበትን ስቲከር አንዱን ካርዴ ላይ ለጠፉት፣ አንዱን ለምኜ ወሰድኩ፣ አሁንም ስልኬ ከቨር ውስጥ አለ።