የኤሚነም ሁለት መመለሻዎች፦ «ሪላፕስ» ወይስ «ሪከቨሪ»?

ደብረ ማርቆስ ላይ ራፕ የሚሰማ ልጅ ካገኛችሁ ይህን ጠይቁት፤ ክርክሩ ቶሎ አያልቅም።

አሜሪካዊው ራፐር ኤሚነም ከ2004 (እ.ኤ.አ.) በኋላ አዲስ የስቱዲዮ አልበም ሳያወጣ ቆይቶ በ2009 በ«ሪላፕስ» ተመለሰ። ሃያሲያን በሁለት ተከፈሉ። የፕሮዲውሰሩ የዶክተር ድሬ ቢት (ከራፑ በስተጀርባ ያለው ሙዚቃ) ብዙዎቹን አስደስቷል። የግድያ ታሪኮቹና ራፕ ሲያደርግ የሚያወጣው ያ እንግዳ አክሰንት (የአነጋገር ቅላጼ) ግን አሰለቻቸው። ራሱም በቀጣዩ አልበም አክሰንቱን እንዳበዛው አምኗል።

እኔ እዚህ ላይ ከሃያሲያኑ እለያለሁ። አክሰንቱ የቀልድ ብቻ አይደለም። ድምፁን ጠምዘዝ ያደርግና የማይገጥሙትን ቃላት ያስገጥማቸዋል። ቅኔ ቤት በሞላበት ጎጃም ያደገ ጆሮ ይህን ዝም ብሎ አያልፈውም!

የ2010ሩ «ሪከቨሪ» ከሱስ ስለመውጣት በግልጽ ያወራል። ከሪሃና ጋር የሠራው ዘፈን ዓለምን አዳረሰ። አልበሙም የዚያ ዓመት የአሜሪካ ሽያጭ አንደኛ ሆነ። አንዳንድ ሃያሲያን ግን ፖፕ በዛበት፣ ጨዋታው ጠፋ አሉ። እውነታቸውን ነው።

የአሜሪካውን የሙዚቃ ሽልማት የግራሚን ምርጥ የራፕ አልበም ዘርፍ ሁለቱም ወስደዋል፤ ስለዚህ ዳኛው አልረዳንም።

ለጀማሪ «ሪከቨሪ» ይቀላል። ከማርቆስ ባሕር ዳር ለሚሄድና ግጥም መፍታት ለሚወድ ግን «ሪላፕስ»ን በኢርፎን።