የናዝካን በረራ ሊማ ላይ ከወኪል እንዳትገዙ

ፔሩ ለመሄድ ያሰባችሁ ወገኖች፣ በተለይ «ማቹ ፒቹን አይተን በዚያው ናዝካንም እንይ» የምትሉ፣ ይህን ሳታነቡ ገንዘብ እንዳትከፍሉ። ናዝካ ማለት በደቡብ ፔሩ በረሃ መሬት ላይ የተሳሉ፣ ሰው ከትንሽ አውሮፕላን ላይ ሆኖ የሚያያቸው ግዙፍ ጥንታዊ ስዕሎች ያሉበት ቦታ ነው። ዋና ከተማዋ ሊማ ውስጥ ሚራፍሎሬስ አካባቢ ከሚገኙት የጉዞ ወኪሎች የናዝካን በረራ «ሁሉን ያካተተ» ተብሎ ሲቀርብላችሁ እለፉት። የሚሸጥላችሁ ሰው አውሮፕላን የለውም። አውሮፕላን ላለው ድርጅትም ገና አልደወለም። ገንዘባችሁን ተቀብሎ የራሱን ድርሻ ይቆርጥና ናዝካ ላለ ሌላ ደላላ ያስተላልፋችኋል። ያኛው ደላላ ደግሞ ልክ እንደ ታክሲ ተራ አስከባሪ፣ በዕለቱ ባዶ ወንበር ወዳለበት ይገፋችኋል። ባዶ ወንበር ከተገኘ ማለቴ ነው።

የሄድነው ከአክስቴ ጋር ነበር። አዲስ አበባ ለረጅም ዓመታት ጂኦግራፊ ያስተማረች ሰው ናት፤ ጡረታ ወጥታ አሁን ሜሪላንድ እኛ ጋ ነው የምትኖረው። ናዝካን ለማየት ከእኔ ይልቅ የጓጓችው እሷ ነበረች። ወኪሉ ቢሮ ቁጭ ብለን የተነገረን እንዲህ ነው፦ አውሮፕላኑ 12 ሰው የሚይዝ ሴስና ካራቫን፣ ሁሉም ተሳፋሪ መስኮት አጠገብ፣ በረራው 35 ደቂቃ፣ የምታዩት 12 ስዕል፣ የምትነሱት ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ ከዚህ በኋላ አምስት ሳንቲም አትጨምሩም። ዋጋው፣ የአውቶቡሱን ሳይጨምር፣ በሰው 210 ዶላር። በኋላ ናዝካ ኤርፖርት ካውንተር ላይ ስንጠይቅ የተነገረን ዋጋ የዚህ ግማሽ ገደማ ነበር።

ሻጩ በጥሬ ገንዘብ ለሚከፍል 10 ዶላር እቀንሳለሁ አለ። አክስቴ በካሽ ከፈለች፣ እኔ በካርድ። ያቺ ቅናሽ ለምን እንደተሰጠች እመለስበታለሁ።

ናዝካ ከሊማ ወደ ደቡብ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ በአውቶቡስ ሰባት ሰዓት ገደማ ነው። ሌሊቱን ተጉዘን ጠዋት ስንደርስ አንድ ወጣት ስማችንን ካርቶን ላይ ጽፎ ጠበቀን፤ በመኪናው ወደ ማሪያ ራይኼ ኤርፖርት ወሰደን። እዚያ ፓስፖርት ያያሉ፣ እያንዳንዱን ተሳፋሪም ሚዛን ላይ ያወጣሉ፤ አውሮፕላኖቹ ትናንሽ ስለሆኑ የሚያስቀምጡት በክብደት አመጣጥነው ነው። ይህ ትክክለኛ አሠራር ነው፣ ቅር አይበላችሁ። ነገሩ የተበላሸው ካውንተሩ ጋ ስንደርስ ነው። ሠራተኛዋ የዕለቱን ዝርዝር በጣቷ ከላይ እስከ ታች ሄደችበት፤ ስማችን የለም። ቫውቸራችንን፣ ወኪሉ የሰጠንን የክፍያ ወረቀት፣ ተቀብላ ገልብጣ አየችው፣ መልሳ ገለበጠችው፣ ከዚያ ወደ እኛ አዙራ አንድ መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች። የሚያበረው ድርጅት ስም የሚጻፍበት ቦታ ነው። ባዶ ነበር። የወኪሉ ማኅተም አለ፣ ከናዝካ ስዕሎች የአንዷ ወፍ ምስል አለ፣ በእስክሪብቶ የተጻፈ የስልክ ቁጥር አለ። ማን እንደሚያበረን የሚል ነገር ወረቀቱ ላይ የለም።

ወጣቱ ስልኩን ይዞ ወጣ ገባ ማለት ጀመረ። «ጉም ነው፣ ትንሽ ጠብቁ» ይለናል። በእርግጥ ጠዋት ላይ ጉም በረራ የሚያዘገይበት ቀን አለ፤ ሁሉም ነገር ወደ ኋላ ይገፋና ሰልፉ ይረዝማል። ያን ቀን ግን ከእኛ በኋላ የመጡ ሰዎች በዓይናችን ፊት እየተሳፈሩ፣ በርረው እየተመለሱ ነበር። ጉሙ የተያዘው ለእኛ ብቻ ነበር ማለት ነው። ያለ ቁርስ የመጣነው በረራው እንዳያስመልሰን ብለን ነው፤ እኩለ ቀን እስኪያልፍ በዚያው ሆድ ተቀመጥን።

በመካከሉ ልጁ መጥቶ ገንዘብ ጠየቀ። አንዱ የኤርፖርት ክፍያ፣ ሌላው «የድጋሚ ምዝገባ» በሰው 20 ዶላር። አክስቴ መነጽሯን አድርጋ ረጋ ብላ «ደረሰኝ ያለው የትኛው ነው?» አለችው። እኔ ተረጎምኩለት። ልጁ ዝም አለ። የኤርፖርቱ ክፍያ እውነተኛ ነው፤ በረራ ላይ የሚጨመር ሳይሆን እዚያው ኤርፖርት በፔሩ ገንዘብ፣ በሶል፣ የሚከፈል ነው፣ ደረሰኝም አለው። ሊማ ላይ «ሁሉን ያካተተ» ሲሏችሁ ብዙውን ጊዜ የሚተዉት እሱን ነው። «የድጋሚ ምዝገባ» የሚባል ነገር ግን የለም። አልከፈልንም፣ እናንተም እንዳትከፍሉ። ማንም ሰው እጅ ላይ ገንዘብ አታስቀምጡ፤ መስኮቱ ጋ ሄዳችሁ ራሳችሁ ክፈሉ።

በመጨረሻ የተሳፈርነው ከነገሩን አውሮፕላን እጅግ ያነሰ፣ ሁለት አብራሪና አራት ተሳፋሪ የሚይዝ ሴስና ላይ ነው። ድርጅቱ ደግሞ ስሙን ቀድመን ሰምተነው የማናውቀው። ከሰዓት በኋላ በዚያ በረሃ ላይ ነፋሱ ይነሳል፤ ለዚህ ነው የሚያውቅ ሰው ጠዋት ብረሩ የሚለው። አብራሪዎቹ ስዕሉን ለሁለቱም ወገን ለማሳየት አውሮፕላኑን አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ ያዘነብሉታል። በነፋስ ላይ ይህ ሲጨመርበት አክስቴ ሆዷ ተገለበጠ፤ ከግማሹ በላይ ጊዜዋን ከላስቲኩ ጋር አሳለፈች። ሸረሪቷንና ኮንዶሩን አላሳዩንም፤ ቀጥታ አልፈን ተመለስን። መሬት ስንነካ በአክስቴ ሰዓት 22 ደቂቃ ነበር።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ስዕሎቹ አይረቡም ብዬ አይደለም። የሚያናድደኝም እዚህ ላይ ነው። ያየሁትን ያህል እንኳ በሕይወቴ የሚረሳኝ አይደለም። ወፏን፣ ያቺን ረጅም ምንቃር ያላትን ሃሚንግበርድ፣ የክንፉ ጫፍ ወደ እሷ እንዳመለከተ አየናት። ርዝመቷ 93 ሜትር ገደማ ነው። ከላይ ሲያዩዋት እጅ ሳይነሳ በአንድ መስመር የተሳለች ነው የምትመስለው። የናዝካ ሰዎች ይህን የሠሩት በግምት ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 እስከ ክርስቶስ ልደት በኋላ 500 ባለው ዘመን ነው። አሠራሩም ቀላል ነው፤ መሬቱ ላይ የተነጠፈውን ቡናማ ቀይ ጠጠር ወደ ጎን ማንሳት፣ ከሥር ያለው ነጣ ያለ አፈር እንዲወጣ ማድረግ። ዝናብ ከሞላ ጎደል ስለማይጥል እስከ ዛሬ ቆየ። ጀርመናዊቷ የሒሳብ ምሁር ማሪያ ራይኼ፣ ኤርፖርቱ በስሟ የተሰየመው፣ እስከ 1998 ድረስ (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ዕድሜዋን እነዚህን መስመሮች በመለካትና በመጠበቅ ነው የጨረሰችው፤ መስመሮቹን በመጥረጊያ ታጸዳቸው ነበር። ዩኔስኮ በ1994 በዓለም ቅርስነት መዘገባቸው። እንሽላሊቱን ደግሞ የፓን አሜሪካን አውራ ጎዳና ለሁለት ቆርጦት ሲያልፍ፣ የጭነት መኪኖቹም ወገቡ ላይ ሲመላለሱ ከላይ ይታያል። አክስቴ ቀና ብላ ካየቻቸው ጥቂት ነገሮች አንዱ ይሄ ነበር፤ በጣም አዘነች።

ወደ ሊማ ስንመለስ ወኪሉ ጋ ሄድን። «በርራችኋል አይደል? ታዲያ ምን ቀረባችሁ?» አለን። እዚህ ላይ ብዙ መንገደኛ የማያውቀውን አንድ ነገር ልንገራችሁ። ፔሩ ውስጥ ለሕዝብ አገልግሎት የሚሰጥ የንግድ ቤት ሁሉ ሊብሮ ዴ ሬክላማሲዮኔስ የሚባል የቅሬታ መዝገብ እንዲኖረው ሕግ ያስገድደዋል፤ መዝገቡ እንዳለ የሚገልጽ ማስታወቂያም ግድግዳው ላይ መለጠፍ አለበት። ሰውየው መጀመሪያ የለንም አለ። ማስታወቂያው ከራሱ በላይ ተለጥፎ ስናሳየው ከመሳቢያ አወጣው። የተሸጠልንንና የተሰጠንን ጎን ለጎን ጻፍን፤ ቅጂው ለእናንተ ይሰጣል፣ ሳትቀበሉ አትውጡ። ድርጅቱ በሕግ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ መልስ የመስጠት ግዴታ አለበት፤ ካልመለሰ ኢንዴኮፒ የሚባለው የሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤት አለ።

አሁን ወደዚያች የ10 ዶላር ቅናሽ። አሜሪካ ተመልሼ ለክሬዲት ካርድ ባንኬ ዲስፑት፣ ማለትም የክፍያ መቃወሚያ፣ አስገባሁ። ቫውቸሩን፣ የኤርፖርቱን ክፍያ ደረሰኝ፣ የቅሬታውን ቅጂ አያያዝኩ። ሙሉውን ባይሆንም የተወሰነውን አስመለሱልኝ። የአክስቴ ካሽ ግን ውሃ በላው። ወኪሉ ቅናሹን የሚሰጠው ለዚህ ነው፤ በካሽ የተከፈለን ገንዘብ ተከታትሎ የሚያስመልስ የለም። በአሜሪካ ሕግ በክሬዲት ካርድ የተከፈለን ሂሳብ ለመከራከር ያላችሁ ጊዜ ክፍያው የታየበት የመጀመሪያው ስቴትመንት ከወጣ 60 ቀን ነው፤ በጽሑፍ አድርጉት፣ ከጉዞ መልስ ደክሞኛል ብላችሁ አታሳድሩት። በዴቢት ካርድ ወይም በስልክ ገንዘብ ማስተላለፊያ ከከፈላችሁ ይህን ያህል ጥበቃ የላችሁም።

ከገንዘቡ የሚበልጥ ነገርም አለ። ማን እንደሚያበራችሁ ሳታውቁ መሳፈር የሕይወት ጉዳይ ነው። በናዝካ በፌብሩዋሪ 2010 በደረሰ የአውሮፕላን አደጋ ሰባት ሰዎች ሞተዋል። በዚያው ዓመት በኦክቶበር በሌላ አደጋ አራት እንግሊዛውያን ቱሪስቶችና ሁለት ፔሩአውያን የበረራ ሠራተኞች አልቀዋል። ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2022 ደግሞ ከማሪያ ራይኼ ኤርፖርት የተነሳ አነስተኛ ሴስና ብዙም ሳይርቅ ወድቆ በውስጡ የነበሩት ሰባቱም ሞቱ፤ ሦስቱ ሆላንዳውያን፣ ሁለቱ ቺሊያውያን፣ ሁለቱ የፔሩ አብራሪዎች ነበሩ። በየዓመቱ እጅግ ብዙ ሰው በሰላም በርሮ እንደሚመለስ አውቃለሁ፤ አትሂዱም አልልም። ነገር ግን «የሆነ ድርጅት» ላይ አይሳፈርም። ስሙን ቀድማችሁ እወቁ፣ ፈቃድ እንዳለው ጠይቁ፣ ሁለት አብራሪ መኖሩን ሳታዩ አትግቡ።

እንግዲህ እንዴት ይገዛ? ናዝካ ከተማ አንድ ሌሊት እደሩ። ከሚያበረው ድርጅት ከራሱ፣ በስሙ፣ በክሬዲት ካርድ፣ የጠዋቱን ቀደም ያለ በረራ ያዙ። የአውሮፕላኑን ዓይነት፣ የሚታዩትን ስዕሎች፣ የበረራውን ደቂቃ፣ ጉም ከበዛ ወደ ማግስቱ ይተላለፋል ወይስ ገንዘብ ይመለሳል የሚለውን በዋትስአፕም ቢሆን በጽሑፍ አስፍሯቸው። ከናዝካ ይልቅ ለሊማ ከሚቀርቡት ከፒስኮ ወይም ከኢካ ከተሞች የሚነሱ በረራዎች አሉ፤ ዋጋቸው በጣም ይወደዳል፣ ከጊዜው አብዛኛው የሚያልፈው ወደ ስዕሎቹ በመሄድና በመመለስ ነው። ሊማ የሚሸጠው «በአንድ ቀን ደርሶ መልስ» ብዙውን ጊዜ ይሄ ነው። ከየት እንደምትነሱ ሳትጠይቁ እሺ አትበሉ።

ሆዱ ለማይችል ወይም ትንሽ አውሮፕላን ለሚፈራ፣ በአውራ ጎዳናው ዳር ማሪያ ራይኼ ያሠራችው የብረት ማማ አለ። በጥቂት ሶል ወጥቶ እጆቹን፣ ዛፉንና የእንሽላሊቱን ክፍል ማየት ይቻላል። አክስቴን በማግስቱ እዚያ ወሰድኳት፤ ከበረራው ይልቅ የተደሰተችው እዚያ ነው። በዚያው አካባቢ «መስመሮቹ ድረስ በእግር ላስገባችሁ» የሚል ሰው ቢያጋጥማችሁ ግን እሺ እንዳትሉት። መግባት ክልክል ነው፤ የረገጣችሁት ቦታ አሻራው አይጠፋም። በ2014 የግሪንፒስ ሰዎች ወፏ አጠገብ ገብተው ያደረሱት ጉዳት ዓለምን ያስቆጣው ለዚህ ነው።

ቫውቸር ቀድማችሁ የገዛችሁና ጉዞው ገና ያልደረሰባችሁ ካላችሁ፣ ዛሬውኑ ሻጩ ጋ ደውላችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ የሚያበረን ድርጅት ስም ማን ነው? ከነገራችሁ ድርጅቱ ጋ ራሳችሁ ደውሉና ስማችሁ በዝርዝሩ መኖሩን አረጋግጡ። «ናዝካ ስትደርሱ ይነገራችኋል» ካላችሁ ገንዘባችሁን አሁኑኑ ጠይቁ፤ እምቢ ካለ ኢፔሩ የሚባለው የመንግሥት የቱሪስት መረጃ ቢሮ ሊማ ኤርፖርት ውስጥም አለ፣ በእንግሊዝኛ ያናግራሉ፣ በነፃ ነው የሚያግዙት። ቫውቸሩን ይዛችሁ ሂዱ።