ሄልዳይቨርስ 2፦ አራት ሆኖ መዋጋት፣ አራት ሆኖ መጠንቀቅ

በቡድን የሚጫወቷቸው ከሚባሉት የተኩስ ጌሞች አብዛኞቹ አራት ሰዎችን በአንድ ሜዳ ላይ ያሰማራሉ እንጂ በእርግጥ አብረው እንዲጫወቱ አያስገድዷቸውም። የጓደኛ ጥይት በጓደኛ ገላ ላይ ምንም ጉዳት ሳያደርስ ስለሚያልፍ፣ ማንም ተጫዋች ሌሎቹ የት እንደቆሙ ማወቅ አያስፈልገውም፤ ሁሉም ፊት ለፊቱ ያለውን ይተኩሳል፣ መጨረሻ ላይ ነጥብ ይቆጠራል፣ በዚያው ያበቃል። ሄልዳይቨርስ 2 ከዚህ ልማድ የወጣው በአንድ ቀላል ሕግ ነው፦ ከማንም አፈሙዝ የወጣ ጥይት ማንንም ይገድላል፤ ይህን ሕግ የሚያጠፋ አማራጭም በጌሙ ውስጥ የለም። ከጓደኞቼ ጋር ከሞከርኳቸው የሳይንስ ልብወለድ ጌሞች መካከል ደጋግመን የምንመለስበት ይህ የሆነው፣ እንደ እኔ ግምት፣ በዚሁ ሕግና ከእሱ በሚወለደው ጠባይ ምክንያት ነው።

ጌሙን የሠራው መቀመጫውን ስቶክሆልም ያደረገው አሮውሄድ ጌም ስቱዲዮስ ሲሆን፣ አሳታሚው ሶኒ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 8 ቀን 2024 ለፕሌይስቴሽን 5 እና ለፒሲ በ40 ዶላር ለገበያ አቀረበው፤ በኦገስት 2025 ደግሞ የኤክስቦክስ ተጫዋቾች ተጨመሩበት። የሦስቱም መሣሪያ ባለቤቶች በአንድ ቡድን ውስጥ ሊሰለፉ መቻላቸው፣ አንዱ ፒሲ ሌላው ፕሌይስቴሽን ላለው የጓደኛሞች ስብስብ ትልቅ እፎይታ ነው። በ2015 የወጣው የመጀመሪያው ክፍል ሜዳውን ከላይ ወደ ታች የሚያሳይ ነበር፤ ሁለተኛው ካሜራውን ከወታደሩ ትከሻ ጀርባ በማድረጉ ጓደኛህ ከኋላህ ምን እያደረገ እንደሆነ የማታይበት ዓለም ፈጥሯል፤ ግማሹ ፍርሃትም ግማሹ ሳቅም የሚመጣው ከዚህ ነው።

ስለ ታሪኩ ብዙ የሚባል የለም። ሱፐር ኧርዝ የተባለች የወደፊቷ ምድር ነጻነትንና ዲሞክራሲን ለጋላክሲው ሁሉ በቦምብ ታዳርሳለች፤ ወታደሮቿም የተነገራቸውን ፕሮፓጋንዳ ሳያላምጡ ውጠው በፈገግታ ይሞታሉ። ጠላቶቹ ተርሚኒድ የሚባሉት ግዙፍ ነፍሳት፣ አውቶማቶን የሚባሉት ሮቦቶች፣ ከመጀመሪያው ክፍል በዲሴምበር 2024 የተመለሱት ኢሉሚኔት የሚባሉት የሌላ ዓለም ፍጡራንም ናቸው። ምፀቱ የሰላና የሚያስቅ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ትረካ ፈልጎ የሚመጣ ሰው ግን ባዶ እጁን ይመለሳል።

ዘመቻው የሚጀምረው አራቱ ተጫዋቾች ካርታ ላይ የሚያርፉበትን ቦታ መርጠው ከመርከባቸው ሲወረወሩ ነው። ረጅሞቹ ዘመቻዎች 40 ደቂቃ ይሰጣቸዋል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ የታዘዙትን ፈጽመው፣ የሚያነሳቸውን አውሮፕላን ጠርተው፣ እስኪደርስ ድረስ ያሉበትን ቦታ መከላከል ይኖርባቸዋል። የሞተ ተጫዋች በራሱ ጊዜ አይነሳም፤ በሕይወት ያለ ጓደኛው ተተኪ ሊጠራለት ይገባል፤ ሙሉ ቡድን ያለውም የጋራ የሆነ 20 ተተኪ ብቻ ነው። ስለዚህ አንዱ በግዴለሽነት ሲሞት የሚያባክነው የራሱን ዕድል ሳይሆን የአራቱንም ነው፤ ሦስቱ በተከታታይ ሲወድቁም የቀረው አንዱ መሸሽ እንጂ መዋጋት አይጠበቅበትም።

ተተኪም ሆነ ጥይት፣ መድፍም ሆነ የአየር ድብደባ የሚጠራበት መንገድ የጌሙ ምርጥ ፈጠራ ነው ብዬ አምናለሁ። ተጫዋቹ አንድ ቁልፍ ይዞ የቀስት ቅደም ተከተል ያስገባል፤ ለተተኪ ላይ፣ ታች፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ላይ፤ ለጥይት ሳጥን ታች፣ ታች፣ ላይ፣ ቀኝ። በጸጥታ ጊዜ ይህ የልጅ ሥራ ነው። ነገር ግን ቤት የሚያህል ነፍሳት ከኋላ እየሮጠ፣ ጓደኛ በማይክ ‹‹ጥራኝ፣ ቶሎ ጥራኝ›› እያለ፣ ጣት ሦስተኛውን ቀስት ስቶ ሁሉም ከመጀመሪያው ሲጀመር፣ ያች አምስት ቀስት የምትወስደው ጊዜ ረጅም ትሆናለች። ቅደም ተከተሉ ሲሞላ በወታደሩ እጅ ላይ ኳስ ትወጣለች፤ የወደቀችበት ቦታ ላይ ለድጋፍ ሰማያዊ፣ ለድብደባ ቀይ ብርሃን ወደ ሰማይ ይቆማል። ኳሷ ዳገት ላይ ካረፈች ተንከባልላ ወደ ወርዋሪው ልትመለስ ትችላለች፤ ወርዋሪው ሳይወረውራት ከሞተም እዚያው እግሩ ሥር ትወድቃለች፤ ሊያድኑት የሮጡት ጓደኞቹም ቀዩን ብርሃን ያዩት ከደረሱ በኋላ ይሆናል። ከሰማይ የሚወርደው የጥይት ሳጥን እንኳ ከሥሩ የቆመን ሰው ይጨፈልቃል፤ በእኛ ቡድን ውስጥ በጥይት እጥረት ከሞተው ይልቅ በጥይት ሳጥን የሞተው ይበዛል።

ይህ ሁሉ አደጋ ተጫዋቾችን ጨዋ ያደርጋቸዋል። ከቡድናችን ሁለታችን አሜሪካ፣ አንዱ ጀርመን፣ አንዱ ስዊድን ስለምንኖር የምንገናኘው በሳምንቱ መጨረሻ ነው፤ ማንም ሳያስተምረን ግን የራሳችን ሥርዓት ተፈጥሯል። መትረየስ የያዘው ከኋላ ሲተኩስ ከፊቱ ያለው በርከክ ይላል፤ ድብደባ የጠራ ሰው ‹‹ቀይ ነው፣ ሽሹ›› ሳይል አይወረውርም፤ በስህተት የገደለም ‹‹ይቅርታ ወንድሜ›› እያለ ተተኪውን ራሱ ይጠራል። መጀመሪያ ላይ እንደ ቀልድ የነበረው ይህ ጥንቃቄ ችግሩ ሲከብድ የመትረፊያ ስልት ይሆናል፤ ምክንያቱም በከፍተኛ ደረጃ ላይ ቡድንን የሚያጠፋው ብዙውን ጊዜ የጠላት ብዛት ሳይሆን ከድንጋጤ የመነጨ የወገን ጥይት ነው።

ትብብሩን በቅርብ ለማየት የሚሻለው ግን ፀረ-ታንክ መሣሪያው ነው። ይህ መሣሪያ ብረት ለበሱን ጠላት ይሰብራል፤ ብቻውን የያዘው ሰው ግን ከእያንዳንዱ ተኩስ በኋላ ባለበት ቆሞ ሊያጎርስ ይገደዳል፤ በዚያ ቅጽበት መንቀሳቀስ ስለማይችል ነፍሳቱ ይደርሱበታል። ጓደኛው የጥይቱን ቦርሳ ተሸክሞ ከጎኑ ሲቆምለት ሁኔታው ይለወጣል፤ አንዱ ያነጣጥራል፣ ሌላው ያጎርሳል፤ ሮኬቱ ያለ ዕረፍት ይወጣል። አጉራሹ የራሱን ቦርሳ መተው ስላለበትና ከተኳሹ ጎን መለየት ስለማይችል፣ ሁለቱ እንደ አንድ ሰው መራመድ ይኖርባቸዋል። ከማያውቁት ሰው ጋር ይህን ማድረግ የሚሳካው አልፎ አልፎ ነው፤ ሲሳካ ግን የጌሙን ትልቁን ደስታ የሚሰጥ ይመስለኛል።

የተገኘው ነገር አከፋፈልም በዚሁ አስተሳሰብ የተሠራ ነው። መርከብ ለማሻሻል የሚያገለግሉት ናሙናዎችም ሆኑ አዳዲስ መሣሪያ የሚገዛባቸው የጌሙ ገንዘቦች ማንም ቢያነሳቸው ለአራቱም ይቆጠራሉ። ናሙና የያዘው ሰው ቢሞት የያዘው መሬት ላይ ይቀራል፤ የቀሩትም ያነሱለታል። ‹‹እኔ ቀድሜ አየሁት›› የሚባል ጭቅጭቅ ስለሌለ ሰው የሚራመደው ጓደኛውን ለመቅደም አይደለም። ሌሎች አምራቾች ለምን ይህን እንደማይኮርጁ አይገባኝም።

ጉድለቱም ከትብብሩ ጋር የተያያዘ ነው። መጀመሪያ 9 የነበሩት የክብደት ደረጃዎች በኦገስት 2024 ወደ 10 ከፍ ቢሉም፣ ልምድ ያካበቱና ጥሩ መሣሪያ የሰበሰቡ ተጫዋቾች በመካከለኞቹ ደረጃዎች ላይ ተበታትነው እያንዳንዳቸው የካርታውን አንድ ጥግ ብቻቸውን ማጽዳት ይችላሉ፤ ያኔ ጌሙ ከላይ የወቀስኳቸውን ሌሎች ጌሞች መምሰል ይጀምራል። ለዚህ መፍትሔው ደረጃውን ከፍ ማድረግ ነው። ቴክኒካዊ እንከኑም ቀላል አይደለም፤ አዲስ ማሻሻያ በወጣ ቁጥር አንድ ነገር ሲጠገን ሌላ ነገር መሰንጠቁ የተለመደ ሆኗል።

ከአራቱ ሰዎች ባሻገር የሁሉንም ተጫዋቾች ውጤት የሚደምር የጋላክሲ ጦርነት አለ። ስቱዲዮው ትእዛዝ ያወጣል፤ የመላው ዓለም ተጫዋቾች ፕላኔት ይይዛሉ ወይም ያጣሉ። ማሌቬሎን ክሪክ የተባለችው የአውቶማቶኖች ፕላኔት መጀመሪያ ተሸንፈውባት በኤፕሪል 2024 ሲያስመልሷት፣ ስቱዲዮው ለተጫዋቾች የመታሰቢያ ካባ አድሏል። ሐሳቡን አደንቃለሁ፤ ግን የአንድ ቡድን ድርሻ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ጠብታ በመሆኑ፣ ለእኔ የሚቀረኝ የአራታችን ዘመቻ ነው።

ለአገር ቤት አንባቢ ከግዢ በፊት መታወቅ ያለበት ነገር አለ። በሜይ 2024 ሶኒ ስቲም በተባለው የፒሲ ጌም መሸጫ በኩል የሚጫወቱ ሰዎች የፕሌይስቴሽን አካውንት እንዲያገናኙ ሊያስገድድ ሲል በስቲም ላይ የተቃውሞ አስተያየት ጎረፈ፤ ውሳኔውንም በቀናት ውስጥ ሻረው። ይሁን እንጂ በዚያ ውዝግብ ወቅት ጌሙ የፕሌይስቴሽን ኔትወርክ በይፋ በማይሠራባቸው 177 አገሮችና ግዛቶች ከስቲም ሽያጭ ወርዶ ነበር፤ ኔትወርኩ ያኔ በይፋ ይሠራ የነበረው ከአፍሪካ አገሮች በደቡብ አፍሪካ ብቻ ነው። ስለዚህ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለ ሰው ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ስቲም ላይ በራሱ አካውንት መሸጥ አለመሸጡን ማየት አለበት።

የኢንተርኔት ዋጋ ለሚያሳስበው ግን ደስ የሚል ዜናም አለ። በፒሲ ላይ ከ150 ጊጋባይት በላይ ይይዝ የነበረው ጌም፣ በ2025 መጨረሻ በቀረበው ቀጭን ቅጂ ወደ 23 ጊጋባይት ገደማ ወርዷል፤ ለአሮጌ ሃርድ ዲስኮች ሲባል ተደጋግመው የተቀመጡ ፋይሎች ስለተወገዱ ነው። ጌሙ ያለ ኢንተርኔት ጨርሶ አይከፈትም፤ አማርኛ ጽሑፍም የለውም፤ ደምና የተቆራረጠ አካል ስለሚበዛበትም በአውሮፓ የተሰጠው የዕድሜ ደረጃ 18 ነው።

ብቻውን መጫወት ለሚወድ ሰው ይህን ጌም አልመክርም፤ ይቻላል፣ ግን ይሰለቻል። ሁለት ሰዎች ሲሆኑ ጥሩ ነው፤ ሦስት ወይም አራት ሲሆኑ 40 ዶላሩ አያስቆጭም። አዲስ ቡድን ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ደረጃ ቢጀምር፣ ከአራቱ ቢያንስ አንዱ ፀረ-ታንክ መሣሪያ ቢይዝ፣ ሁሉም ማይክ ቢኖራቸው ይበቃል፤ ለተጨማሪ መሣሪያ የሚሸጡትን ጥቅሎች ለመግዛትም መቸኮል አያስፈልግም፤ ገንዘቡ በየዘመቻው መሬት ላይ ይገኛል።