የሽንኩርት ዘር በግራም የምትገዙ፣ የጣሳውን ቀን በዓይናችሁ ሳታዩ ብር እንዳታወጡ

ጓሮ ያላችሁ ሁሉ ይህን አንብቡልኝ። ከሱቁ የወጣሁት ዛሬ ከሰዓት ነው፤ ንዴቱ ገና አልበረደልኝም።

የዘር ሱቆቹን ታውቋቸዋላችሁ። ግድግዳው ላይ የቲማቲምና የጥቅል ጎመን ፖስተር፣ መደርደሪያው ላይ ጣሳ በጣሳ፣ ባንኮኒው ላይ ትንሽ ሚዛን። ሰፊ መሬት ያለው ገበሬ ጣሳውን እንደታሸገ ይዞ ይሄዳል። እኛ የጓሮ ሰዎች በግራም ስለምንገዛ የሚደርሰን የተከፈተው ነው። መስከረም ላይ ዝናቡ ሲቆም ሄጄ ቦምቤይ ሬድ የሚባለው የቀይ ሽንኩርት ዘር አለ ወይ አልኩት። አለ። «የመቼ ነው?» ብዬም ጠይቄዋለሁ። «የዘንድሮ ነው ማዘር፣ ትናንት ነው የገባው» አለኝ ዓይኔን እያየ። መዘነልኝ፣ በላስቲክ ቋጠረልኝ። ደረሰኝ የሚባል ነገር የለም።

መደቡን በደንብ አለስልሼ፣ የበሰበሰ የዶሮ ፍግ ቀላቅዬ፣ 1 ሳንቲሜትር ያህል ጥልቀት ባለው መስመር ዘራሁ። ሳር ጎዘጎዝኩበት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከቤቱ ጀሪካን እየቀነስኩ አጠጣሁ። የሽንኩርት ዘር ደህና ከሆነ በሳምንት፣ ቢዘገይ በ10 ቀን ብቅ ይላል። ሳሩን ሳነሳ እዚህም እዚያም እንደ ክር የቀጠነች ነገር ናት ያለችው፤ እሷም ብዙ ሳትቆይ ተኛች። በዚያው አፈር፣ በዚያው ውሃ ከጎኑ የዘራሁት ቆስጣ መሬቱን ሸፍኖታል።

ዛሬ ሄጄ ነገርኩት። ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ «አፈርሽ ነው ማዘር። ሽንኩርት ለሁሉም ሰው አይሆንለትም» አለኝ። ስለ ቆስጣው ነገርኩት፤ አልሰማኝም። «ከየትኛው ጣሳ ነው የሰጠኸኝ? እስቲ አሳየኝ» አልኩት። ከመስኮቱ ሥር፣ ፀሐይ ከሚያርፍበት ቦታ አንስቶ ባንኮኒው ላይ ገፋ አደረገልኝ። ክዳኑ በደንብ አልገጠመም። አገላብጬ ቀኑን ስፈልግ የዋጋው ወረቀት ልክ ጽሑፉ ላይ ተለጥፏል። በጥፍሬ ላጥኩት። የሚያበቃበት ጊዜ፦ ሜይ 2023።

በእኛ ግንቦት 2015 ማለት ነው። «ይሄ እኮ ካለፈ ከሁለት ዓመት በላይ ሆኖታል!» አልኩ ጮክ ብዬ፤ ወረፋ የያዙ ሰዎች ነበሩና እንዲሰሙም ፈልጌ ነው። ይሄኔ ነው ስልኩን ያስቀመጠው። «ማዘር፣ እሱ የፈረንጅ አቆጣጠር ነው። እኛ ገና 2018 ላይ ነን። 2023 እስኪገባ አምስት ዓመት ይቀረዋል!» አብሮት የሚሠራው ልጅ ሳቀ። ከተሰለፉትም ፈገግ ያለ ነበር። ከዚያ ጣሳውን ከእጄ ወሰደና የላጥኩትን ወረቀት እዚያው ቀኑ ላይ መልሶ በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አድርጎ ለጠፈው። ጣሳውን ወደ ቦታው መለሰ። ለሚቀጥለው ሰው ሊሸጠው ማለት ነው፤ እኔ እዚያው ቆሜ! ብሬን ስጠይቀው በአገጩ ግድግዳው ላይ ያለውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» አሳየኝ።

ብሩ ይቅር። ወቅቱን ማን ይመልስልኛል? የሽንኩርት ችግኝ መደብ ላይ ከ45 እስከ 55 ቀን ይቆያል፤ ከተዛወረ በኋላ ደግሞ ሦስት ወር፣ ከዚያም በላይ ይፈልጋል። የመስከረሙ ቢበቅልልኝ ኅዳር መግቢያ ላይ ተክዬ ሁዳዴ ሳያልቅ አነሳው ነበር። አሁን በጥቅምት መጨረሻ ብዘራ ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ ይተከላል፣ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው፣ ሽንኩርቱ አይደርስም። ለዶሮ ወጡ የሚከተፈውን ያን ሁሉ ሽንኩርት ከገበያ በኪሎ ልገዛ ነው።

የሽንኩርት ዘር ቶሎ ከሚሞቱት ዘሮች አንዱ ነው። ቀዝቃዛና ደረቅ ቦታ ካልተቀመጠ ከዓመት ወደ ዓመት ኃይሉ ያልቃል፤ ክዳኑ ክፍት ሆኖ ፀሐይ ላይ የዋለውማ አይነሳ። ይህን የዘር ነጋዴ አያውቅም አትበሉኝ። ባያውቅ ቀኑን ለምን ይሸፍነዋል? ደግሞ ያቃጠለኝ «ለሁሉም ሰው አይሆንለትም» ያለው ነገር ነው። የሌማት ትሩፋት ከመጣ ወዲህ ስንት እናት ናት ግቢዋን ቆፍራ የጀመረችው! እንዲህ ያለ የሞተ ዘር ሸጦላት፣ ጥፋቱ የእጇ ነው ብሎ ይመልሳታል። እሷም ለከርሞ መደቡን ትተወዋለች።

ማድረግ ያለባችሁን ባጭሩ ልንገራችሁ። የተለጠፈ ወረቀት ካለ እናንተው ላጡት፣ ቀኑን አንብቡ፣ እምቢ ካለ ውጡ። ዘሩን ቤት ስታደርሱት ሃያ ፍሬ በረጠበ ሶፍት ጠቅልላችሁ ላስቲክ ውስጥ ከታችሁ ሳምንት ያህል ጠብቁት፤ ግማሹ እንኳን ካልበቀለ መሬታችሁን አታድክሙበት።

የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጊዜው ያለፈበት ዕቃ መሸጥን ይከለክላል። ነገ ጠዋት ወረዳችን ንግድ ጽሕፈት ቤት ሄጄ አመለክታለሁ። በዚህ መስከረም በግራም ገዝታችሁ ያልበቀለላችሁ ካላችሁ የተረፈውን ዘር ከነላስቲኩ አስቀምጡት፣ ለማስረጃ ይፈለጋል።