ኤክሴልሲዮር ወይስ ጋላክሲ፦ የቷ ቶሎ አታረጅም?

ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ሲጠና ቤት ተከትቶ ስታር ትሬክ የተባለውን የጠፈር ልብ ወለድ ማየት የለመደ ሰው ይህ ክርክር አይቀርለትም። ኤክሴልሲዮርና ጋላክሲ በታሪኩ ያሉ ሁለት የጠፈር መርከብ ዓይነቶች ናቸው።

ኤክሴልሲዮር በታሪኩ ውስጥ ከ2280ዎቹ ጀምራ አለች (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። በ2370ዎቹ፣ ዶሚኒየን ከተባለው ጠላት ጋር በተደረገው ጦርነትም ከአዳዲሶቹ መርከቦች ጎን ተሰልፋ ትዋጋለች። ወደ 90 ዓመት መሆኑ ነው። ጣርማበርን እያቃሰተች የምትወጣ አሮጌ ኤንትሬ አስቡ። ሞተሯ ወርዶ ሌላ ገብቶላታል፣ ፍሬኗ ተቀይሯል፣ ሻንሲዋ ግን ያው ነው። ኤክሴልሲዮርም እንደዚያ ናት። አካሏ ይቆያል፣ የውስጥ ዕቃዋ ይታደሳል።

ከካሜራ ጀርባ ደግሞ ሌላ ምክንያት አለ። ለቀረጻ የምታገለግለው ትንሿ ሞዴሏ የተሠራችው ለ1984ቱ የስታር ትሬክ ፊልም ነው። አዲስ ሞዴል መሥራት ውድ ስለሆነ በ1987 የጀመረው የስታር ትሬክ ተከታታይ ድራማ ደጋግሞ ተጠቀመባት። በጀት ነው ዕድሜ የሰጣት ብል አላጋነንኩም።

ጋላክሲ ሌላ ዓለም ናት። ከ1,000 በላይ ሰው፣ ቤተሰብና ልጆች ሳይቀሩ ትጭናለች። ምቾት ከሆነ የምትፈልጉት እሷን ውሰዱ። ግን ከጋላክሲዎቹ ታዋቂዋ ኢንተርፕራይዝ ዲ በ2363 ሥራ ጀምራ በ2371 አለቀላት። 8 ዓመት ብቻ! አርጅታ አይደለም፣ ተመትታ ነው።

የሚገርመው የመታቻት መርከብ ናት። ክሊንጎኖች የተባሉት የታሪኩ ተዋጊ ሕዝቦች በጉድለቷ ምክንያት ከአገልግሎት ያሰናበቷት አሮጌ ሞዴል ነበረች። ባለቤቶቿ ኢንተርፕራይዝን ከተኩስ የሚከላከለውን ጋሻ ሞገድ ሰልለው አወቁ፣ ተኩሱም ሰተት ብሎ ገባ። ስለዚህ እኔ ኤክሴልሲዮርን እመርጣለሁ፤ ያውም በደንብ የታደሰችውን።