ከብሌን ንቅለ ተከላ በኋላ የተሠራልኝ ስክሌራል ሌንስ

በኬራቶኮነስ (ብሌን፣ ማለትም ግልጹ የዓይን የፊት ሽፋን፣ እየሳሳ ወደ ፊት በሚሾልበት በሽታ) የተጎዳው ቀኝ ዓይኔ የብሌን ንቅለ ተከላ የተደረገለት አዲስ አበባ ነው። ይህ አስተያየት ግን ስለ ቀዶ ሕክምናው ሳይሆን፣ በኋላ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በሚገኝ አንድ የዓይን ክሊኒክ ስላገኘሁት የሌንስ አገልግሎት ነው። የተተከለልኝ ብሌን ጥርት ያለ ቢሆንም፣ 16ቱ ስፌቶች ከወጡ በኋላም ገጹ ወጣ ገባ ስለነበር፣ በመነጽር የማነበው የሰሌዳውን የላይኛውን ፊደል ብቻ ነበር።

ሐኪሟ የብሌኑን ካርታ ኮምፒውተር ላይ እያሳዩ መነጽር ለምን እንዳልጠቀመኝ በትዕግሥት አስረዱኝ። ስክሌራል ሌንስ ብሌኑን ሳይነካ ተሻግሮ በነጩ የዓይን ክፍል ላይ ያርፋል፤ በመካከል የሚቀረውን ክፍተት የሚሞላው የጨው ውኃም ወጣ ገባውን ገጽ ይሸፍነዋል። የመጀመሪያው የሙከራ ሌንስ አየር አስገባ። ሁለተኛውን ካጠለቁልኝ በኋላ ግማሽ ሰዓት አስጠብቀው፣ ሌንሱ ረግቶ ዝቅ ሲል በሰማያዊ መብራት አዩትና የስፌቱን ጠባሳ በታች በኩል እንደሚነካ ነገሩኝ። እኔ ምንም አልተሰማኝም ነበር፤ ሌላ ቦታ ቢሆን «ይሁን» ተብዬ የምሸኝ ይመስለኛል። በሦስተኛው 20/30 አነበብኩ፤ ጤነኛ ዓይን ከ30 ጫማ የሚያነበውን እኔ ከ20 ጫማ ማለት ነው።

ማጥለቁ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ሌንሱ እንደ ቡና ስኒ እስከ አፉ በጨው ውኃ ይሞላል፣ ፊትን ከጠረጴዛው ትይዩ ደፍቶ ወደ ዓይን ማስጠጋት ነው፤ ጠብታ ከፈሰሰ አረፋ ይገባና እንደገና ከ«ሀ» ይጀመራል። የመጀመሪያ ቀን 40 ደቂቃ ፈጅቶብኛል፤ አሠልጣኟ አንዴም ሰዓቷን አላየችም። ዓይኔ ከቀላ፣ ብርሃን ካስጨነቀው ወይም ከደበዘዘብኝ ሌንሱን አውልቄ በዚያው ቀን እንድመጣም ተነግሮኛል፤ ሰውነት የተተከለለትን ብሌን ከዓመታት በኋላም ሊቃወመው ይችላልና።

የሚያስከፋው የሂሳብ ክፍሉ ነው። ኢንሹራንሴ እንደሚከፍል በቃል ካረጋገጡልኝ በኋላ፣ ለሕክምና አስፈላጊ መሆኑን የሚገልጸውን ደብዳቤ አስቀድመው ባለመላካቸው ሙሉው ሂሳብ ለእኔ መጣ፤ ለማስመለስ ወራት ፈጅቶብኛል። ከአምስት ኮከብ አንዱን የነሣኋቸው በዚህ ነው። ለግራው ዓይኔ ቀጠሮ ስይዝ፣ የኢንሹራንሱ ፈቃድ በጽሑፍ እጄ እስኪገባ ሌንሱ እንዳይታዘዝ ነግሬያቸዋለሁ።