ፍሬንድስን ከመጀመሪያው ለማየት፦ ዲቪዲ፣ ብሉሬይ ወይስ ፎርኬ?

ፍሬንድስ የተሰኘው የአሜሪካ ሲትኮም (ተከታታይ የቀልድ ድራማ) ከ1994 እስከ 2004 በኤንቢሲ ጣቢያ በ10 ምዕራፎች ተላልፎ በ236 ክፍሎች የተጠናቀቀ ሥራ ነው፤ በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ብዙዎቻችን ያየነው በዲሽ ነው፤ አንዱን ክፍል ከመካከሉ፣ ሌላውን ከመጨረሻው፣ አንዳንዱን ደግሞ መብራት እስኪሄድ ድረስ። ከመጀመሪያው ጀምሬ በቅደም ተከተልና በጥሩ ምስል ልየው ለሚል ሰው ሦስት ዓይነት ሕጋዊ ዲስክ አለ፦ የቆየው የዲቪዲ ስብስብ፣ በ2012 የወጣው ብሉሬይ፣ እና ትርኢቱ 30 ዓመት ሲሞላው በ2024 የወጣው ፎርኬ (4K)። ሻጮች ሦስቱን እንደ መሰላል ደረጃ ያቀርቧቸዋል፤ ዲቪዲው ዝቅተኛ፣ ብሉሬዩ መካከለኛ፣ ፎርኬው ከፍተኛ። ነገሩ እንዲያ ቢሆን ኖሮ ንጽጽር ባላስፈለገ፣ አቅም የፈቀደውን መግዛት ብቻ በበቃ ነበር። ሦስቱ ግን ከጥራት ሌላ በርዝመትና በምስል ስፋትም ስለሚለያዩ፣ ገዢው «የትኛው ይጠራል?» ከማለቱ በፊት «የትኛውን ቅጂ ነው የምፈልገው?» ብሎ መጀመር ይኖርበታል።

አንድ የቆየ የቴሌቪዥን ሥራ በከፍተኛ ጥራት ሊታይ የሚችለው ለምን እንደሆነ መረዳት ገንዘብ ያድናል። ፍሬንድስ በካሊፎርኒያ በርባንክ በሚገኘው የዋርነር ብራዘርስ ስቱዲዮ፣ በተመልካች ፊት፣ በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ተቀረጸ። የዚያ ዘመን የቤት ቴሌቪዥን ፊልሙ የያዘውን ዝርዝር ሁሉ ማሳየት ባይችልም፣ ኔጌቲቩ፣ ማለትም መጀመሪያ የተቀረጸበት ፊልም፣ ተጠብቆ ስለቆየ ከዓመታት በኋላ እንደገና ስካን ሊደረግ ቻለ። እንደ ጎልደን ገርልስ ያሉ በቪዲዮ ካሴት የተቀረጹ ሲትኮሞች ይህ ዕድል የላቸውም፤ ካሴቱ ያልያዘውን ዝርዝር ከየትም ማምጣት አይቻልምና። ስለዚህ ሌላ የቆየ ሲትኮም ለመግዛት ያሰበ ሰው በማሸጊያው ላይ የታተመውን የጥራት ምልክት ከማመኑ በፊት፣ ሥራው በፊልም ይሁን በካሴት የተቀረጸው ያጣራ። በኢቢሲ ለዓመታት የተከታተልነው «ቤቶች» ድራማ እንዲህ ባለ ስብስብ ቢቀርብልን ኖሮ ይህን ሁሉ ድካም ለእርሱ ባዋልኩት ደስ ይለኝ ነበር።

ወደ ርዝመቱ ስንመጣ፣ ከሦስቱ ረጅሙ ርካሹ ነው። የአሜሪካው የዲቪዲ ዕትም በቴሌቪዥን ሲተላለፍ ያልታዩ፣ ተቆርጠው የቀሩ ቀረጻዎችን መልሶ አስገብቷል። ብሉሬዩ የያዘው ግን በቴሌቪዥን የተላለፈውን አጠር ያለ ቅጂ ነው፤ ፎርኬውም በዚህ ረገድ ብሉሬዩን ተከትሏል። ዲቪዲውን ደጋግሞ ያየ ሰው ብሉሬዩን ሲያጫውት የለመደው ንግግር ሲዘለልበት ወዲያው ይታወቀዋል፤ ትርኢቱን በዲሽ ብቻ የሚያውቀው ግን ምንም የጎደለበት አይመስለውም። እዚህ ላይ የእኛን አካባቢ ገዢ የሚመለከት አንድ ጥንቃቄ አለ። ሪጅን ማለት ዲስኩ እንዲሸጥና እንዲጫወት የታሰበበት የዓለም ክፍል ነው፤ ተጨማሪው ቀረጻ የሚገኘው በሪጅን 1፣ ማለትም በአሜሪካና በካናዳ ዕትም ሲሆን፣ በሪጅን 2 የተሸጠው የአውሮፓ ዕትም በጥቅሉ በቴሌቪዥን የተላለፈውን ቅጂ የያዘ ነው። ስለዚህ ለረጅሙ ቅጂ ብሎ ዲቪዲ የሚገዛ ሰው ዕቃውን ማስመጣት ያለበት ከአሜሪካ ነው፤ ከአውሮፓ የመጣ ዲቪዲ የምስሉ ጥራት አነስተኛ፣ ርዝመቱም ከብሉሬዩ የማይበልጥ ሊሆን ስለሚችል ከሁለቱም ወገን ተጎጂ ያደርጋል።

የምስሉ ስፋት ከዚህ የበለጠ ያከራክራል። ፍሬንድስ ሲቀረጽ የካሜራ ባለሙያዎቹ ትዕይንቱን ያዋቀሩት ለዘመኑ 4 በ3 (ወርዱ 4 ሲሆን ቁመቱ 3 ለሆነ) ስክሪን ነበር። ዲቪዲው ይህንኑ ስለጠበቀ በዛሬው ሰፊ ቴሌቪዥን ላይ በግራና በቀኝ ጥቁር ክፍተት ይተዋል። ብሉሬዩና ፎርኬው ግን 16 በ9 ሆነው ስክሪኑን ሙሉ በሙሉ ይሸፍናሉ። ይህ የሆነው በአብዛኛው ፊልሙ በሁለቱም ዳር የያዘው ትርፍ ምስል ተከፍቶ ሲሆን፣ በአንዳንድ ቦታ ደግሞ ከላይና ከታች ተቆርጦ ነው። ዳሩ ሲከፈት ለተመልካች ያልታሰበው ነገርም አብሮ ይወጣል፤ በጥቂት ትዕይንቶች ላይ ከዋናው ተዋናይ ይልቅ በእርሱ ቦታ የቆመ ሌላ ሰው ዳር ላይ ይታያል። መቁረጡ የሚያመጣውን ጉዳት ለማየት ደግሞ ሳይንፌልድ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ይህ ሲትኮም በ2021 በኔትፍሊክስ በሰፊ ምስል ሲቀርብ፣ ስለ አንድ የመንገድ ጉድጓድ በሚያወራው ክፍል ውስጥ ጉድጓዱ ራሱ ከምስሉ ውጭ ሆኖ መቅረቱ ብዙ ትችት አስነሥቷል። ከፍተኛ ጥራት የግድ ሰፊ ምስል ማለት አይደለም። በ2023 በብሉሬይ የወጣው ቺርስ የተሰኘው ሌላ የቆየ ሲትኮም 4 በ3 ሆኖ ነው የቀረበው፤ በእኔ አስተያየት ትክክለኛው አሠራርም ይኸው ነው። ለፍሬንድስ ግን ከፍተኛ ጥራትንና የመጀመሪያውን ስፋት አንድ ላይ የሚሰጥ ዲስክ ስለሌለ ገዢው አንዱን መርጦ ሌላውን መተው ግድ ይሆንበታል። ዲቪዲውን የመረጠ ሰው ቤተሰቡ ጥቁሩን ክፍተት ጠልቶ በሪሞት ምስሉን እንዳይለጥጠው መጠበቅም አለበት፤ ያ ሲደረግ የስድስቱም ተዋንያን ፊት እንደተነፋ ሆኖ ይቀራል።

የጥራቱን ልዩነት በቅርብ ለማየት ሁለት ቦታ ላይ ማቆም ይበቃል። አንዱ ከገጸ ባሕርያቱ የአንዷ የሞኒካ ቤት ሐምራዊ በር ላይ የተሰቀለው ቢጫ ፍሬም ነው፤ በዲቪዲ ቢጫ ቀለበት ከመሆን የማያልፈው፣ በብሉሬይ ዙሪያው ያለው የቅርጽ ጌጥ እየተለየ ይታያል። ሁለተኛው በጎረቤቶቿ በጆይና በቻንድለር ቤት በር ጀርባ የተሰቀለው የመጻፊያ ሰሌዳ ነው። ሰሌዳው ላይ የሚጻፈውና የሚሳለው ነገር በየክፍሉ ይቀያየራል፤ በዲቪዲ ጭረት ብቻ የሚመስለው በብሉሬይ ሲታይ ብዙውን ጊዜ ይነበባል። በአንጻሩ ብሉሬዩ የፊት ሜካፕን፣ ከመስኮቱ ውጭ ያለው ሕንፃ ሥዕል መሆኑንም አይደብቅም።

ይህ ልዩነት ግን ከየትኛውም ሶፋ ላይ አይታይም። ዲቪዲ በቁመቱ 480 ወይም 576 መስመር፣ ብሉሬይ 1080፣ ፎርኬ ደግሞ 2160 መስመር ይይዛል። የጤነኛ ዓይንን አቅም መነሻ አድርገን ስናሰላ፣ በ32 ኢንች ቴሌቪዥን ላይ ከ3 ሜትር ርቀት የሚመለከት ሰው የዲቪዲውን ነጥቦች ለይቶ ለማየት ይቸገራል፤ ስለዚህ ብሉሬይ መግዛቱ ብዙ አይጨምርለትም። ቴሌቪዥኑ 43 ኢንች ሆኖ ርቀቱ ወደ 2 ሜትር ሲወርድ የብሉሬይ ጥቅም በግልጽ ይታያል። ፎርኬ ከብሉሬይ በላይ እንዲታይ ደግሞ በ55 ኢንች ላይ ከ2 ሜትር ብዙ ሳይርቁ፣ በ65 ኢንች ላይም ከ2 ሜትር ተኩል ሳያልፉ መቀመጥ ያስፈልጋል። በደሴ ሳሎን ሶፋው በአንዱ ግድግዳ፣ ቴሌቪዥኑ የተቀመጠበት ቡፌ በፊት ለፊቱ ግድግዳ መሆኑ የተለመደ ስለሆነ፣ ከመግዛት በፊት በመካከላቸው ያለውን ርቀት በሜትር መለካት ከማንኛውም ምክር ይሻላል። ፎርኬው የቀለምና የብርሃን ስፋት እንደሚጨምርም እውነት ነው፤ ይሁንና ሲትኮም በስቱዲዮ መብራት ደምቆ የሚቀረጽ በመሆኑ ጥቅሙ በጨለማ ትዕይንት የተሞላ ፊልም ላይ የሚታየውን ያህል አይሆንም። ብርሃናቸው ደካማ የሆነ ርካሽ ፎርኬ ቴሌቪዥኖች ላይማ ልዩነቱን ለማግኘት መፈለግ ያስፈልጋል።

በደሴ ፒያሳም ሆነ በኮምቦልቻ ሱቆች ኦሪጅናል የብሉሬይ ስብስብ መደርደሪያ ላይ ማግኘት ስለሚያስቸግር ዲስኩም ማጫወቻውም በአብዛኛው የሚመጣው በዘመድ ሻንጣ ነው፤ ስለዚህ ዘመዱ የት አገር እንዳለ የዕቃውን ምርጫ ይወስናል። በብሉሬይ አከፋፈል ኢትዮጵያ፣ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ዱባይና አውሮፓ ሁሉም በሪጅን ቢ ውስጥ ሲሆኑ አሜሪካ በሪጅን ኤ ነው። ከጅዳ ወይም ከዱባይ የመጣ ማጫወቻ ከዚያው የተገዛውን ዲስክ ያለ ችግር ያነባል። ከአሜሪካ የሚላክ ብሉሬይ ግን፣ አንዳንድ አሳታሚዎች ዲስካቸውን ባይቆልፉም፣ በጀርባው ያለው ምልክት ሳይታይ መገዛት የለበትም። በዲቪዲ አከፋፈል ደግሞ ኢትዮጵያ ሪጅን 5፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮች ሪጅን 2፣ አሜሪካ ሪጅን 1 ናቸው፤ ደግነቱ በየቤቱ ካሉት ርካሽ የቻይና ማጫወቻዎች ብዙዎቹ ሪጅን አይመርጡም። የፎርኬ ዲስክ የሪጅን ቁልፍ የለውም፤ ማጫወቻው ግን የተለየ መሆን አለበት። ፕሌይስቴሽን 4 ብሉሬይ ያጫውታል፣ ፎርኬ ዲስክ ግን አያነብም፤ ፕሌይስቴሽን 5 የሚያነበው የዲስክ ማስገቢያ ያለው ከሆነ ብቻ ነው።

የኤሌክትሪኩን ነገር ቸል ማለት ከሁሉ በላይ ያስከፍላል። ከአሜሪካ የመጣ ማጫወቻ ከጀርባው «100-240 ቮልት» የሚል ጽሑፍ ከሌለውና የሚለው 120 ብቻ ከሆነ፣ በእኛ 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ከተሰካ ይቃጠላል። የሚስማማ ማጫወቻ ያለውም ሰው ቢሆን ኃይሉ በሚዋዥቅበት ሰፈር ስታብላይዘር ቢያደርግ መልካም ነው። ገመዱም መታየት አለበት፤ ብሉሬይ ገዝቶ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ ጫፍ ባለው አሮጌ ገመድ ከቴሌቪዥኑ ጋር የሚያገናኝ ሰው የሚያየው ከዲቪዲ ያልተሻለ ምስል ነው። ኤችዲኤምአይ ገመድ ግድ ነው።

ፍላሽ ላይ ማስጫን የሚለው የለመድነው መንገድ ርካሽ መሆኑ አያከራክርም፤ ባለመብቱን መጉዳቱ እንዳለ ሆኖ፣ ስሙ ላይ ኤችዲ የሚል የተጻፈበት ፋይል እጅግ ከመጨመቁ የተነሣ ከጥሩ ዲቪዲ ያነሰ ሆኖ ይገኛል፤ አንዳንዱ ምዕራፍ ጎዶሎ ነው፣ የክፍሎቹ ቁጥርም ይዘበራረቃል። በኢንተርኔት ልይ የሚል ሰው ደግሞ ሒሳቡን አስቀድሞ ይሥራ። 236ቱ ክፍሎች እያንዳንዳቸው በ22 ደቂቃ ሲታሰቡ ወደ 86 ሰዓት ይሆናሉ፤ ኔትፍሊክስ ለከፍተኛ ጥራት በሰዓት እስከ 3 ጊጋባይት እንደሚፈጅ በሚገልጸው መሠረት አንድ ጊዜ አይቶ ለመጨረስ እስከ 260 ጊጋባይት ሊያስፈልግ ይችላል። በዚያ ላይ ትርኢቱ በአሜሪካ በ2019 መጨረሻ ከኔትፍሊክስ እንደወጣው ሁሉ፣ ዛሬ ያለው ነገ ላይገኝ ይችላል።

እንግዲህ ትንሽ ቴሌቪዥን ላለው፣ ወይም ሙሉውን ቀልድና የመጀመሪያውን ስፋት ለሚያስቀድም ሰው የአሜሪካው ዲቪዲ ይበቃዋል፤ ያገለገለውን ቢገዛም አይጎዳም። 43 ኢንችና ከዚያ በላይ ያለው፣ በቅርብም የሚቀመጥ ሰው ብሉሬዩን ይግዛ፤ የዳሩን ስሕተትና የርዝመቱን መቀነስ አውቆ እስከገባበት ድረስ እኔም የምመርጠው እርሱን ነው፣ ያውም ከባሕረ ሰላጤው ከማጫወቻው ጋር ተገዝቶ። ፎርኬው 65 ኢንች ቴሌቪዥንና የሚያነብ ማጫወቻ አስቀድሞ ላለው ሰው ብቻ ነው፤ ለፍሬንድስ ሲባል ማጫወቻ ጨምሮ መግዛት ግን ከልክ ያለፈ ወጪ ነው። በየትኛውም ዲስክ ላይ የአማርኛ የግርጌ ጽሑፍ እንደሌለም ቀድሞ መታወቅ አለበት፤ እንግሊዝኛ የማይከታተል የቤተሰብ አባል ካለ ለእርሱ ሦስቱም እኩል ናቸው። ስብስቡ እንደደረሰ እያንዳንዱን ዲስክ አስገብቶ ከመጀመሪያው፣ ከመካከሉና ከመጨረሻው ጥቂት ደቂቃ ማጫወት ያስፈልጋል፤ የተጫረ ወይም የተደገመ ዲስክ ቢገኝ፣ ያመጣው ዘመድ ወደ ሥራው ከመመለሱ በፊት እንዲያስለውጥ በእጁ መስጠት ይቻላል።